የወንድሜን የክርስትና ስም የሰጠሁት ሰው

ወንድሜ ታደሰ ባረፈ ዕለት፣ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል፣ ወጣቱ ቄስ ወደ ቤተሰቡ ዞር አለና «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዲግሪ የጫኑ፣ የዓለሙን ሁሉ ወሬ በስልካቸው የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ የአባታቸውን የክርስትና ስም ግን አንዳቸውም አያውቁም። እናታቸው ብትኖር ትነግራቸው ነበር፤ እሷም ቀድማው ሄዳለች። ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። «ወልደ ሰማዕት» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ኀዘኑ መስሏት ክንዴን ደገፈችኝ። ኀዘኑማ ነበር። ግን ያንን ስም ከአፌ አውጥቼ ለሰው ስናገር በሕይወቴ ሁለተኛዬ ስለነበር ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ሰው ቄስ አልነበረም።

በቤታችን የክርስትና ስም እንደ ዋዛ አይጠራም። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ በቅጡ ሳላድግ ነው ያረፉት። እናቴ ደግሞ ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብላ የምታምን፣ ታደሰን በአርባ ቀኑ እኔን በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ያስነሳችበትን ስም ከነፍስ አባቷ በቀር ለማንም የማትናገር ሴት ነበረች። ደግሞም ጸሎት ያለዚያ ስም አይደርስም። «እግዜር ታደሰ የሚባል ሰው አያውቅም» ትለን ነበር፤ «እሱ የሚያውቀው ወልደ ሰማዕትን ነው።» ልጆች ሆነን በዚህ እንስቅ ነበር። የእኔ ወለተ ኪዳን ነው። ይኸው ለማታውቁኝ ሁሉ ነገርኳችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ መተት ሊያደርግብኝ የሚደክም ካለ ይድከም።

ያንን ስም መጀመሪያ ለሰው የነገርኩ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሱቄ ከፒያሳ ወደ አራዳ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ባለ በረንዳ ቤት ሥር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሱቅ አልኩ እንጂ ያለኝ አንድ የስፌት ማኪና፣ አንድ ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ነው። ዛሬ እዚያ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ባለፈው ሳልፍ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ ባይ ልጅቷ «እማማ፣ ቻርጀር ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? መንገዴን ቀጠልኩ። ሱሪ ማሳጠር በስሙኒ፣ ዚፕ መቀየር በሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። ከፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሸክላ ማጫወቻ ስለነበረው ቀኑን ሙሉ ዘፈን ነው፤ አንደኛው ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ «ነይ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ይያዝና አሳላፊው መጥቶ መርፌውን እስኪያነሳለት ድረስ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ሲል ይቆያል። ያንን ዘፈን እስከ ዛሬ ሙሉውን አላውቀውም።

ሰፊ ሱሪ የሚለበስበት ዘመን ነበር። ከጉልበት በታች ሽብልቅ ጨርቅ እየጨመርኩ የስንቱን ጎረምሳ ሱሪ አስፍቻለሁ። ልጃገረዶቹም ቀሚሳቸው ካላጠረ፣ ጫማቸው ካልረዘመ ከቤት አይወጡም። ከዚያ ጊዜው ተገለበጠ። ሰፊ ሱሪና ጎፈሬ ያለው ወጣት ሁሉ መንገድ ላይ እየተያዘ ይፈተሽ ጀመር፤ እነዚያው ልጆች ሱሪያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው እየመጡ «አስካል፣ አጥብቢልኝ» ይሉኛል። ያሰፋሁትን መልሼ አጠበብኩ። ላጠብብላቸው አምጥተው ተመልሰው ያልወሰዷቸው ሦስት ሱሪዎች ብዙ ዓመት መደርደሪያዬ ላይ ኖሩ። ስለ ፖለቲካው ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔ የማውቀው ሱሪውን ነው።

የታደሰ ሱሪ ከእነዚያ አንዱ እንዳይሆን እናቴ ቀድማ አሰበችበት። ወረቀት በትኗል ተብሎ ስሙ በተነሳ በሳምንቱ ከቤት ጠፋ። ሰው ሲጠይቀኝ «አሰብ፣ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄደ» እላለሁ። እውነቱ ግን ከዚሁ ከከተማችን በላይ ያለው ወገራ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ከማኪና ተወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ አንድ የቅኔ ትምህርት ቤት፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከተማሪው ጋር ተቀላቀለ። በልጅነቱ ከአባታችን የተማረው ግእዝና ዜማ ጠቀመው። እዚያ ታደሰ የሚባል ሰው የለም፤ በክርስትና ስሙ ወልደ ሰማዕት ተብሎ ነበር የሚኖረው። ያ ደበሎ ለባሽ ታደሰ መሆኑን የምናውቅ እናቴ፣ እኔና ስመኝ ብቻ ነበርን። ስመኝ ከታደሰ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ ጓደኛው ነው፤ የምሩን የቅኔ ተማሪ። ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞት የሄደው እሱ ነው፤ በየወሩ ወደ ከተማ እየወረደ ደህና መሆኑን የሚነግረንም እሱ። ሲመጣ ደበሎው ላይ የወገራን ጭቃ ይዞ ይመጣና እናቴ ያንን ጭቃ ሳይቀር በፍቅር ታየዋለች።

እኔ ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ከደንበኛ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ሌላ አላወራም። ጓደኞቼ ኮራች አሉ፤ ይበሉ። ወንድ ሲቀርበኝ ጥያቄውን እቆጥራለሁ። ስንተኛው ጥያቄ ላይ ወንድም አለሽ ወይ እንደሚል እጠብቃለሁ፤ ሲል ደግሞ ሱሪውን ሠርቼ አስረክቤ ዳግም እንዳይመጣ አድርጌ እሸኘዋለሁ። እንዲህ ተጠንቅቄ ነበር የምኖረው።

መስፍን የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ቀጠን ያለ፣ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው በሩ ላይ ቆመ።

«ኪሴ ተቀደደብኝ። ይሰፋልኝ ይሆን?»

«ምነው አይሰፋ። ሸሚዙን ያውልቁና ነገ ይምጡ።»

«የያዝኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ለብሼው ብትሰፊውስ?»

«መርፌ ይወጋዎታል።»

«ልወጋ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሰፋሁለት። ደረቱ ላይ ካለ ኪስ ጋር ስታገል ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ጠበቀኝ። እንደዚያ ያለ ጨዋነት አይቼ አላውቅም ነበር። የወባ ሠራተኛ እንደሆነ፣ አገሩ ደሴ እንደሆነ፣ ወደ ዛሪማ ቆላ ለርጭት እየተመላለሰ እንደሚሠራ ነገረኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔንም ምንም አልጠየቀኝም። በሳምንቱ የሚሰፋ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት የሚሰፋ ነገር ሳይዝ መጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ሰንበት ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ አየዋለሁ፤ ተሰጥዎውን ከሕዝቡ ጋር አንድ ቃል ሳያጓድል ይመልሳል። እናቴ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ አየችው። እሱ ሲወጣ «ሸጋ ልጅ ነው፣ ጾም ያውቃል» አለች፤ እናቴ በወንድ ልጅ ላይ የምትናገረው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልነበራትም።

ወደድኩት። በዚህ ዕድሜ ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ ወደድኩት። የወደድኩትም ስለማይጠይቅ ነው። ወራት ሙሉ ሰው ሁሉ በጥያቄ ሲያንኳኳኝ እሱ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት። አሁን ሳስበው ሰውን በዝምታ መያዝን ያስተማሩት እውነተኛ ሥራውን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው። እኔ በምን ልወቅ? ልብስ ሰፊ ነኝ።

ፋሲካ አልፎ አንድ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤቱ ማኪና ኮሶዬ ድረስ ወሰደኝ። ለእናቴ የጨርቅ ጉዳይ አለኝ ብዬ ዋሸሁ፤ ለእሷ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ተቀምጠን ጥብስ በላን። ነፋሱ ያን ዕለት ሰው ይጥላል። ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ከታች እስከ ዓይን መጨረሻ አገር ተዘርግቷል። በረደኝ። ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ የሳሙና ሽታ ነበረው። እዚህ ላይ ልቁም። የወባ ሠራተኞች ልብስ እየሰፋሁ አውቅ ነበር። መድኃኒቱ ከጨርቁ አይለቅም፤ ታጥቦም፣ ፀሐይ ውሎም አይለቅም፤ የእነሱን ሱሪ የሰፋሁ ዕለት እጄ እስከ ማግስቱ ይሸታል። የመስፍን ጃኬት ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። አፍንጫዬ አውቆ ነበር። ንጹሕ ሰው ነው አልኩና ጃኬቱን ይበልጥ ሳብ አድርጌ ለበስኩት።

እዚያው ቁጭ ብለን ሳለ ከላይ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል አንድ አውቶቡስ ወረደ። ስመኝ ሊመጣ የሚገባው ሰሞን ነበርና ዓይኔ አውቶቡሱን ተከተለ፤ ካለፈም በኋላ ወደ መጣበት መንገድ ስመለከት ቆየሁ። መስፍን አየኝ። ማንን ትጠብቂያለሽ አላለም። እሱም ወደ መንገዱ አንድ ጊዜ አየና ብርጭቆዬ ላይ ውኃ ጨመረልኝ።

ክረምቱ እንዲህ እያለ ገባ። ጥላ ይዞ ይመጣል፣ በረንዳው ሥር ቆሞ ዝናቡ እስኪያባራ ያጫውተኛል። መጋባትን አነሳን። ለመስቀል ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ። እኔም ለራሴ የሚሆን ነጭ ፖፕሊን አራት ሜትር ገዝቼ፣ ለሰው ሠርግ የምሰፋ አስመስዬ ቀስ በቀስ መስፋት ጀመርኩ። ስለ ታደሰ ግን አንድ ቃል አልነገርኩትም። አገባዋለሁ ብዬ የወሰንኩትን ሰው «ወንድሜ አሰብ ነው» አልኩት። «እግዜር ይጠብቀው» አለኝ። ከዚያ በላይ አላለም።

ፍልሰታ መጣ። አንድ ቀን ቅዳሴ ወጥተን ከደብሩ ቅጽር ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዝናቡ ካፍ ካፍ ይላል። መስፍን የዚያን ሰሞን ዝም ማለቱ በርትቶ ነበር።

«ዛሪማ ስወርድ በአንድ ገዳም በኩል አልፋለሁ» አለኝ። «እናቴ በታመመች ጊዜ ያሰብኩት ስእለት አለብኝ። መነኮሳቱ ሱባኤ ላይ ናቸው፣ ለጸሎት ስም አስይዤ እመለሳለሁ።»

«እሰይ፣ ሸጋ ነው።»

«የእኔ ኃይለ ሚካኤል ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። «ከእናቴና ከነፍስ አባቴ በቀር የነገርኩት የለም። ስትጸልዪ በዚህ ጥሪኝ።»

ደነገጥኩ። በእኛ ቤት ላደገች ሴት ሰው ከዚህ በላይ የሚሰጣት ነገር የለም። ቀለበት ቢያጠልቅልኝ እንደዚያ አልሆንም ነበር።

«ማንን ላስጠራልሽ?» አለኝ።

«ወለተ ኪዳን» አልኩት። «ያ እኔ ነኝ።» ቀጥዬ የእናቴን ነገርኩት። ቦርሳውን ከፍቶ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ጠበቀኝ። አልጠየቀም፤ እርሳሱን ይዞ ጠበቀኝ።

ታደሰ ከቤት ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ ነፍስ አባቷን እንኳ ጸልዩለት ማለት ፈርታ በዚያ ዓመት ሙሉ አንድም ካህን ስሙን አንስቶ አልጸለየለትም። ማታ ማታ የምታለቅሰው ለዚህ ነበር። ያለበትን አገር አልናገርም፣ ታደሰ የሚለውንም አላነሳም፤ ስም ብቻ ነው፣ ለመነኮሳት ጆሮ ነው አልኩ። ቦታውን ስጠብቅ፣ ቦታውን ስጠብቅ ኖሬ ስሙን ማንም ይፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም።

«ወንድሜ ደግሞ ወልደ ሰማዕት ነው» አልኩት።

ጻፈ። ወረቀቱን አጥፎ፣ እኔ ራሴ በሰፋሁለት ኪስ ውስጥ ከተተው።

ነሐሴ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ስመኝ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከወገራ ድረስ በእግሩ ነበር የመጣው፤ ደበሎው ረጥቦ ተጣብቆበታል። እናቴም በአጋጣሚ እዚያው ነበረች።

«ወሰዱት» አለ። «ትናንት ጉባኤ ላይ ተቀምጠን ሳለ በማኪና መጡ። ታደሰ ብለው አልጠየቁም፣ እማማ። ወልደ ሰማዕት የምትባለው የትኛው ነህ ነው ያሉት። የኔታ በየዋህነት ጠሩት፤ እሱም አቤት ብሎ ተነሳ።»

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ፣ «ያ ወልደ ሰማዕት ታደሰ መሆኑን የምናውቅ ሦስት ነን» አለችው። «እኔ ልጄን አልሸጥኩም። እሷ ወንድሟን አልሸጠችም።»

ስመኝ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገሩን በዚያች ቅጽበት አውቄው ነበር፤ ኮሶዬ ላይ መንገዱን በዓይኔ እንዳሳየሁት፣ ስሙን በአፌ እንደሰጠሁት፣ የሳሙናውን ሽታ ሳይቀር አውቄው ነበር። ግን ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባሁ አቀረቀርኩ። አልገባ አለኝ፤ አርጥቤ እንደገና ሞከርኩ። ቀና ስል ስመኝ ሄዷል።

ለሦስት ቀን ሌላ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ። ምናልባት ከመነኮሳቱ አንዱ ይሆናል፣ ምናልባት ወረቀቱ ከኪሱ ወድቆ ይሆናል እላለሁ፤ ስፌቴን ሳይቀር ጠረጠርኩ፣ ኪሱ ተተርትሮ ይሆን ብዬ። በአራተኛው ቀን ታደሰ ከተማ ውስጥ እንደታሰረ ሰማንና ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ከእስር ቤቱ ግቢ በር ላይ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ከውስጥ ሲወጣ ዘበኛው እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠና «ጓድ ተስፋዬ» አለው። ዞር ሲል መስፍን ነው።

አየኝ። ይሸሻል ብዬ ነበር፤ አልሸሸም። ወደ ሰልፉ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ምሳውን አምጪው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ አደርስለታለሁ። በሰልፍ የገባ ሁሉ አይደርስም።»

ፊቱ ላይ ልተፋበት ፈለግኩ። ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ልወረውረው ፈለግኩ። ግን ወንድሜ ከዚያ ግንብ ጀርባ ርቦታል። ሰጠሁት። እጁ እጄን ሲነካኝ አልሳብኩትም፤ የዚያን ዕለት ከሁሉ በላይ ራሴን የጠላሁት ለዚህ ነው።

«ስለ አንቺ ያልኩሽ ግን ውሸት አልነበረም» አለኝ።

ሁለት ወር ያህል በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ይቀበለኛል፣ ማግስቱን ባዶውን አጥቦ ይመልስልኛል። አንድም ቃል አላናገርኩትም። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው መጣ፤ ጓድ ተስፋዬ ተዛውሯል አሉኝ። እስከ ዛሬ ይኑር ይሙት አላውቅም። ታደሰ ከዚያ ቤት በሕይወት የወጣው በእሱ እጅ ስለበላ እንደሆነም አላውቅም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ሙሉ ለሙሉ እንኳ እንድጠላው አልፈቀደልኝም። ኃይለ ሚካኤል የሚለው ስም የእውነቱ ይሁን የተማረው ውሸት እሱንም አላውቅም። ለብዙ ጊዜ ጸሎት ላይ ሳላስበው ይመጣብኝና አፌን በነጠላዬ እይዘው ነበር። ነጩን ፖፕሊን ለጎረቤት ሙሽራ ሸጥኩት። በኋላም ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መልሻለሁ።

የስመኝ ነገር እንዲህ ሆነ። ሳይታሰር መቅረቱ ራሱ ማስረጃ ተደረገበት። የታጨችለት ልጅ አባት ነገሩን ሰምቶ እጮኝነቱን አፈረሰ፤ በደብራችንም ቦታ ይሰጠዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፣ ቀረ። ማንም ፊት ለፊት አልሰደበውም። ሰላምታ ነው ያቆሙት። ዛሪማ ወርዶ ለልጆች ፊደል እያስቆጠረ መኖር ጀመረ። ታደሰ ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ከእስር ቤቱ ሁሉ የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስመኝ። «በርበሬ ሳይቀር ተካፍለን የበላን ልጅ» ይላል። አግብቶ ወልዶ፣ አርጅቶም ያንን አልለቀቀም። ለቅሶ ቤት ስመኝ ካለ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ለፋሲካ እነግረዋለሁ፣ ልጁ ስትመረቅ እነግረዋለሁ እላለሁ። ምን ብዬ? ወንድሜን በሰላይ ፍቅር ለወጥኩት ልበል? በሚገርም ሁኔታ ውሸት እየቆየ ሲሄድ የቤት ዕቃ ይሆናል፤ ሰው እየዞረው ያልፋል እንጂ ከቦታው አያነሳውም። እናቴ ሳትሰማ ሞተች። ባለፈው ወር ታደሰም ሳይሰማ ሞተ።

በአርባው ጠዋት፣ ሰው ገና ሳይሰበሰብ፣ ስመኝ መጣ። የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ከዛሪማ እዚህ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ዓይኑ ደክሟል፣ ጥምጥሙ ግን ንጹሕ ነው። ድንኳኑ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ታደሰ ስለሌለ አሁን የሚነሳበት ሰው የለም።

«እግዜር ያጥናሽ፣ አስካል» አለኝ። «አልጋው ላይ ነው ያረፈው አሉ፤ ሸጋ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጓዳ ናቸው፣ ማንም አይሰማንም። «አያ ስመኝ» አልኩት፣ «ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ለወባ ሠራተኛው። ጸሎት ያስደርግለታል ብዬ።»

ጭራውን ከአንድ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ታደሰ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«ሳትነግሪው ሞተ?»

«ሳልነግረው።»

«እኔ በየጥምቀቱ በሱቅሽ በኩል አልፍ የነበረው ምነው ይመስልሻል?» አለኝ። «አንድ ቀን ታደሰ ተገኝቶ ይጠራኝ ይሆናል ብዬ ነው። እሱ አልጠራኝም። አንቺ ግን በመስኮት ብቅ ብለሽ፣ አያ ስመኝ እንዴት ከርመሃል፣ ትይኝ ነበር። ከሰፈሩ ሰላም የምትይኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አስካል ወሬውን አላመነችም እያልኩ ዓመቱን በዚያ እጽናና ነበር።»



«ያ ሰውዬስ ሰላይ ነው» አለ፣ ለመነሳት በትሩን እየፈለገ። «እንጀራው ነው። አንቺስ?»

ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሳና ቀስ እያለ ወጣ። ምሳ እንዲበላ ለምኜው ነበር፤ አልተመለሰም።

ሰው ተሰበሰበ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲቀመጡ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ ተነሳሁ። በሕይወቴ በሰው ፊት ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም። ስመኝ ወንድሜን አልሸጠውም፣ እኔ ነኝ፣ ስሙን ለሚያሳድደው ሰው በአፌ ሰጥቻለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን አዩ። ከዚያ የታደሰ የበኩር ልጅ መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝና ለሰዉ «አክስቴ ደክሟታል፤ አርባ ቀን ሙሉ እንቅልፍ የላትም» አለ። አንዷ ውኃ አመጣችልኝ። «ኀዘን ነው፣ ኀዘን ነው» እየተባባሉ ወደ ጓዳ አስገብተው አስተኙኝ፤ በሩንም ገርበብ አደረጉልኝ። ወዲያው ወጉ ቀጠለ። አንዱ ስለ ስመኝ ሲያነሳ ሰማሁት፤ «ደፍሮ መጣ እኮ» ይላል።

ስለዚህ ጻፍኩት። አልደከመኝም። ቀኑንም፣ ያለሁበትንም፣ የምለውንም አውቃለሁ። ስመኝ ማንንም አልከዳም። የሰፈሬ ሰዎች፣ የወንድሜ ልጆች፣ ይህንን አንብባችሁ ዛሬም ኀዘን ነው የምትሉ ከሆነ፣ ዛሪማ ሂዱና ፊቱን እዩት።